ያለ ኳስ፣ ያለ ገመድ ልጆችን ማጫወት፦ የስፖርት መምህሩን ጠይቁ

መምህሩ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ስፖርት አስተምራለሁ። ስትጠይቁ የልጆቹን ዕድሜ፣ ብዛትና ቦታውን ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ለልጆች ጥሩ ስፖርት የቱ ነው?

መልስ፦ ዕድሜ? ብዛት? ቦታ?

ጥያቄ (የ2ኛ ክፍል መምህርት)፦ መምህር፣ 60 ተማሪ አለኝ። ሜዳው ጠባብ ነው፣ ያለችን አንዲት ኳስም ፈንድታለች። በሁለት መስመር አሰልፌ ሳሯሩጣቸው ይረብሹኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መቆም ሰልችቷቸው ነው የሚረብሹት። 60 ልጅ በሁለት መስመር 30፣ 30 ነው። አንዱ ሮጦ ለመመለስ 15 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ተራው እስኪደርሰው ከ7 ደቂቃ በላይ ይቆማል። 10 መስመር አድርጊው፤ ጥበቃው ወደ 75 ሰከንድ ይወርዳል።

ቀጥሎ አባሮሽ። ግን የተያዘ ልጅ አይቀመጥ! ቀድሞ የሚያዘው ሩጫ የሚከብደው ነው፤ እንቅስቃሴ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ ጥግ አስቀምጠነው ፈጣኖቹን እናሯሩጣለን። የተያዘው የያዘውን እጅ ይዞ አብሮ ያሳድድ፤ አራት ሲሆኑ ለሁለት ይከፈሉ። ቦታው ከጠበበ ሩጫው ይቅርና በእንቁራሪት ዝላይ ይባረሩ፣ ግጭት ይቀንሳል።

ኩኩሉም መደበቂያ አያስፈልገውም። አንድ ልጅ መላሽ ይሁን። «ኩኩሉ» ስትዪ እሱ «አልነጋም» ካለ ሁሉም ቁጢጥ ብለው ይነሱ፤ «ነጋ!» ካለ ማዶ ድረስ ይሩጡ። ያንን ሥልጣን ክፍል ውስጥ ድምፁ ለማይሰማው ልጅ ስጪው፣ ታያለሽ። ከሁሉ በፊት ግን ድንጋይና የጠርሙስ ስባሪ ይለቀም።

አባል 1፦ ሰኞ ማክሰኞ ተረሳ እንዴ?

አባል 2፦ ያለ ዕቃ ተባለ እኮ! ጠመኔና ጠጠር ይፈልጋል።

አባል 1፦ መሬቱ በእንጨት ይጫራል። ጠጠር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዕቃ የሆነው?

አባል 3፦ ለማንኛውም የሴት ጨዋታ ነው።

አባል 1፦ እኛ ሰፈር ወንዶቹም ይጫወቱ ነበር።

አባል 3፦ የት ሰፈር ነው እሱ?

መምህሩ፦ የሰፈሩ ነገር ይቁምልኝ። በአንድ እግር መዝለል አጥንት ያጠነክራል፣ ሚዛን ያስተምራል፤ ለወንዱም ለሴቷም። ወረፋ እንዳይበዛ ለሦስት ሦስት ልጅ አንድ አንድ ጫሩ።

ጥያቄ (እናት፣ ስቶክሆልም)፦ ክረምቱ ጨለማ ነው፤ የ8 ዓመት ልጄ ቤት ውስጥ ሲዘል የታች ጎረቤቶች ያንኳኳሉ።

መልስ፦ እስክስታ አስተምሪው፤ ትከሻ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ይቆይ፤ አንቺም አብረሽው፣ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ተወራረዱ። ቀን ደግሞ ደራርቦ ይውጣ፤ በረዶ ላይም ይሮጣል።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ደቂቃ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይላል። ተከፋፍሎም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ወፍሯል። በስንት ጊዜ ይቀንሳል?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቅ። ልጁ ፊት ስለ ኪሎው አታውራ።

ጥያቄ፦ ለልጆች ጥሩ ስፖርት የቱ ነው ብዬ ነበር፣ ዝም አሉኝ።

መልስ፦ ዝም አላልኩም። ዕድሜ፣ ብዛት፣ ቦታ!

ጥያቄ፦ እሺ፣ 7 ዓመት፣ አንድ ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም።

መልስ፦ ግቢ ይውረድና ከጎረቤት ልጆች ጋር ይጫወት። ብቻውን አባሮሽ የለም።

አባል 2፦ ግቢው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል እኮ።

መልስ፦ እሱን ለኮሚቴው።

ጥያቄ፦ ያረፈደ ተማሪ ፑሽ አፕ ቢሠራስ? ቅጣትም ስፖርትም ይሆናል።

መልስ፦ አይሆንም። በስፖርት የቀጣኸውን ልጅ በማግስቱ «ስፖርት ደስ ይላል» ብትለው አያምንህም። ማንበርከክማ ጭራሽ ስፖርት አይደለም።

ጥያቄ፦ «መሐረቤን ያያችሁ» እናጫውታለን። የተያዘው መሃል ይቀመጣል...

መልስ፦ የተያዘ ልጅ አይቀመጥ! ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብቡ እንጂ። መሃል ገብቶ ይጨፍርና ወደ ቦታው ይመለስ። ክቡም አንድ ትልቅ አይሁን፤ 60 ልጅ ቢሆኑ ሁለት ሲሮጡ ሃምሳ ስምንቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። ስምንት ስምንት አድርጋችሁ ክፈሏቸው። መሐረብ ባይበቃ ቅጠልም ይሆናል።