ጥያቄና መልስ፦ ጋዙ ከተቀበረ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ከአዳማና ከአካባቢዋ የደረሱን የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ የምድርን ሙቀት የሚጨምረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ከጭስ ወይም ከአየር ለይቶ መሬት ውስጥ ስለ መቅበር።

የሚቀበረው ጋዝ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ነው ወይ?

ራሱ ነው። መጠኑና ግፊቱ ግን አይገናኝም።

ወንጂ አካባቢ አንድ ደላላ «የካርቦን ገንዘብ ይከፈላችኋል» እያለ የገበሬ ፊርማ እየሰበሰበ ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቶሎ ፈርሙ ይለናል።

አትፈርሙ። ያላነበባችሁትን ውል በጥድፊያ የሚያስፈርም ሰው ጥቅማችሁን አልያዘም። «ካርቦን» በሚል ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመጣሉ፤ አንዱ ዛፍ መትከል፣ ሌላው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ጋዝ ማስገባት። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይንገራችሁ። ሁለተኛው ከሆነ የእናንተ ፊርማ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእናንተ መብት ይዞታው ላይ ነው። የመንግሥት ፈቃዱን፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱንና በምታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ውል እስኪያቀርብ ድረስ የይዞታ ደብተራችሁን ኮፒ እንኳ አትስጡት።

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤታችንን ነቅንቆታል። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጋዝ ቢቀብሩ አይብስም?

ስጋትዎ ተገቢ ነው። ጋዙ ከ800 ሜትር ገደማ በታች ሲገባ ከግፊቱ የተነሳ እንደ ፈሳሽ ይጠቀጠቃል፤ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረውን ጨዋማ ውኃም ይገፋል። ግፊቱ ተወጥሮ የቆየ ስንጥቅ ላይ ከደረሰ ስንጥቁ ሊንሸራተት ይችላል። አልጄሪያ ውስጥ ኢን ሳላህ በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ቀበራ በ2011 የቆመው፣ ከላይ ያለው ሽፋን ድንጋይ መጽናቱ ስላጠራጠረ ነው።

የእኛን ምድር የሚመለከቱ ሰዎች የሚጠቅሱት ግን አይስላንድን ነው። እዚያ ጋዙን በውኃ አሟሙተው ባሳልት በተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አስገቡት፤ በሙከራው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በ2 ዓመት ውስጥ ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። ባሳልት እኛም አለን። ነገር ግን ለ1 ቶን ጋዝ 25 ቶን ገደማ ውኃ ይፈጃል። አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ያ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ያልተጻፈበት ጥናት ጎዶሎ ነው።

ኩባንያው ዘግቶ ቢሄድና ከ15 ዓመት በኋላ የጉድጓዳችን ውኃ ቢበላሽ ማንን እንከሳለን?

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ጋዙ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ሳይሆን ሰው በቆፈረው ጉድጓድ በኩል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ የጉድጓዱን ተራ ሲሚንቶ ይበላል፣ ብረቱንም ያዝጋል። ኢን ሳላህም ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ጋዝ የወጣው በአሮጌ የፍለጋ ጉድጓድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በዴኬተር፣ ኢሊኖይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው መፍሰስ ደግሞ የደረሰው ለክትትል በተቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ቱቦው ዝጎ። ስለዚህ የመጨረሻው ጋዝ ከገባ በኋላም ጉድጓዱን የሚከታተልና የሚከፍል አካል ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2009 መመሪያ ኩባንያው ቦታው ከተዘጋ በኋላ በመርህ ደረጃ ቢያንስ 20 ዓመት ኃላፊ ሆኖ እንዲቆይ፣ ኃላፊነቱን ለመንግሥት ሲያስረክብም ቢያንስ የ30 ዓመት የክትትል ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በውላችሁ ውስጥ ይህን የመሰለ አንቀጽ ከሌለ ኩባንያው ሲፈርስ ተከሳሹም ይጠፋል።

በእኛ ሕግ መነሻ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር በማከማቸት ወይም እጅግ አደገኛ በሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ ሌላውን ያጋለጠ፣ ጥፋት ባይገኝበትም ካሳ እንዲከፍል ያደርጋል። አዋጅ 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ መጽደቁ ባለፕሮጀክቱን ከካሳ ነፃ እንደማያወጣው ይገልጻል። በአዋጅ 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ሳያሳይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችላል፤ በ30 ቀን መልስ ካጣ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሳ ግን በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ስለዚህ ጉዳቱ የታየበት ቀን በሰነድ መያዝ አለበት።

አሁን ማድረግ የምትችሉት አለ። ቁፋሮ ሳይጀመር በበጋም በክረምትም የጉድጓዳችሁን ውኃ አስመርምሩ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ባይካርቦኔት፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ ፍሎራይድ። ጠርሙሱ አየር ሳይተርፍበት እስከ አፉ ይሞላ፤ ፒኤች እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ይለካ፣ መንገድ ላይ ጋዙ ሲያመልጥ ቁጥሩ ይለወጣልና። በወንጂ ፍሎራይድ የቆየ ችግር ስለሆነ የቀድሞ ውጤት ከሌላችሁ «ድሮም እንዲህ ነበር» ትባላላችሁ። ማኅተም ያለበትን ውጤት ይዛችሁ የአካባቢ ክስ የያዘ ጠበቃ አማክሩ።

ጉድጓድ ቆፋሪያችን ታች ራሱን ስቶ ወጣ፤ አሁን ደኅና ነኝ ይላል። ሻማ አውርደን ካልጠፋ ቢገባ ችግር አለው?

አለው! ማንም እንዳይገባ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመሬት በራሱ ይወጣል፤ ከአየር 1.5 እጥፍ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። 10 በመቶ ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል። ሻማው እየበራም ሰው ሊወድቅ ይችላል። የወደቀውን ሊያወጣ የሚወርደው ሁለተኛ ሰው አብሮ ይሞታል፤ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ። ቆፋሪው ግን ደኅና ነኝ ቢልም ዛሬውኑ ሆስፒታል ይታይ።