መልስ፦ ለሃሎዊን ሰሞን በኤድንብራ የትኛውን የመናፍስት ጉብኝት ልምረጥ?

ጤና ይስጥልኝ። የአሥር ዓመት ልጅዎን ይዘው ለሃሎዊን (በጥቅምት ወር መጨረሻ ለሚከበረው፣ ከመናፍስት ታሪኮች ጋር ለተያያዘው በዓል) ሰሞን ወደ ስኮትላንድ ዋና ከተማ ወደ ኤድንብራ ስለሚሄዱ፣ ከመናፍስት ጉብኝቶቹ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ የማስቀድመው ሜሪ ኪንግስ ክሎዝን ነው። ይህ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ያልፍ የነበረ ጠባብ መንገድ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ የከተማው ምክር ቤት የሚገኝበት ሕንፃ በላዩ ስለተሠራበት ከሥር ተቀብሮ ቀርቷል፤ አስጎብኚዎቹም እ.ኤ.አ. በ1645 ከተማዋን ስለፈጀው ወረርሽኝ የሚተርኩት ሰዎች በእርግጥ በኖሩባቸው ክፍሎች ውስጥ ቆመው ስለሆነ፣ ፍርሃቱ ከታሪኩ ከራሱ ይመነጫል እንጂ ከጭምብል አይመጣም።

ሌላው የጉብኝት ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1788 የተከፈተው የሳውዝ ብሪጅ ድልድይ ነው፤ ከ19 ቅስቶቹ ዛሬ በግልጽ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት በሕንፃዎች ተከልለዋል፤ ከሥራቸው ያሉት ክፍሎችም መጀመሪያ የነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች መጋዘን፣ ኋላም የድሆች መጠለያ ነበሩ። ጨለማውና እርጥበቱ ለልጅ ስለሚከብድ የማታውን ጉብኝት ለአዋቂዎች ብቻ ብመክር እመርጣለሁ።

ወደ ግሬይፍራያርስ መካነ መቃብር ግን በቀን ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1679 በእምነታቸው ምክንያት ንጉሡን የተቃወሙ ከ1,000 በላይ ኮቨናንተሮች ከአጠገቡ ባለው ሜዳ ታስረው፣ ብዙዎቹ በብርድና በረሃብ ተሠቃይተዋል። ማታ ማታ ግን ስፍራው የሚነሣው በአብዛኛው ስለ አሳዳጃቸው ስለ ጆርጅ ማኬንዚ መንፈስ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ለልጅዎ አስቀድመው የእስረኞቹን ታሪክ ይንገሩት። ሰሞኑ ሰው የሚበዛበት ስለሆነ ትኬቱን ቀደም ብለው ይቁረጡ።