ቀለሙ ጠፋ ብላችሁ ውኃው ጠራ አትበሉ

ውድ ልጆቼ፣

የውኃ ኬሚስትሪን ሙያዬ አድርጌ በባሕር ዳር ላረጀሁት ለእኔ፣ ከመድኃኒት ዕፅዋት ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ሠርታችሁ የተበከለ ውኃ ለማጣራት መነሣታችሁ ትልቅ ደስታ ነው። የግራዋ ወይም የዳማከሴ ቅጠል ደርቆና ፈልቶ የሚሰጠው ፈሳሽ ሲልቨር ናይትሬት ከተባለው የብር ጨው ጋር ሲቀላቀል፣ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፊኖሎችና ፍላቮኖይዶች የተባሉ ውሁዶች ለብሩ አዮን (ኤሌክትሮን ለጎደለው የብር አቶም) ኤሌክትሮን ሰጥተው ወደ ብርነቱ ይመልሱታል፤ ቅንጣቶቹንም ሸፍነው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላሉ። ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ድብልቅ ቀስ እያለ ቡናማ ሲሆን ማየት ዛሬም ያስደንቀኛል።

ይሁን እንጂ ዓይን ያታልላል። በወጣትነቴ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚያጠፋ ዱቄት አገኘሁ ብዬ ለባልደረቦቼ አብስሬ ነበር። ውኃው በእርግጥ ጠርቷል፤ ዱቄቱን በአልኮል ሳጥበው ግን ሰማያዊው ቀለም ተመልሶ ወጣ። ማቅለሚያው ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ እንጂ ፈርሶ አልነበረም። መለጠፉም ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ቀለም የጠጣው ዱቄት የት እንደሚወገድ ካልታሰበበት፣ ሥራችን ብክለቱን ከውኃ ወደ አፈር ማዛወር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቅንጣት የሌለበትን፣ የቅጠሉን ፈሳሽ ብቻ የያዘውንና ብርሃን ያፈረሰውን ከተለጠፈው ለመለየት በጨለማ የቆየውን ናሙና ጎን ለጎን ሳትመረምሩ ውጤት አትጻፉ።

አንድ የአገር ስም በተለያየ ወረዳ ለተለያየ ተክል ስለሚሰጥ፣ ቅጠሉን ለዕፅዋት ባለሙያ አሳዩ፤ የተለቀመበትን ቦታና ወርም መዝግቡ።

አብዝቼ የምለምናችሁ ግን በራሱ በጣና ውኃ እንድትፈትኑት ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የእንዶድን ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል ያስተዋሉት በቤተ ሙከራ ሳይሆን ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው። በተጣራ ውኃ የተሳካ ቅንጣት የሐይቅ ውኃ ውስጥ ካሉት ጨዎች፣ ደለልና የበሰበሱ ዕፅዋት ጋር ሲገናኝ ተጓጉሎ ሊዘቅጥ ይችላል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም እጅግ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ባክቴሪያን የሚገድለው ብር ደግሞ ዓሣውንም ይጎዳል። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ደለል ተሸክመው በሚገቡበት በነሐሴ አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከሐይቁ ዳር ቅዱ፤ ከማጣሪያችሁ በወጣው ውኃ ውስጥም የቀረውን ብር ለኩ።