ሽሉ ጨነገፈ ወይስ ከሰመ?

ጥያቄ፦ ብራኪዩሪ ስለሚባለው የአይጥ ጂን የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ከሁለቱም ወላጆቹ የተበላሸ ጂን የወረሰው ፅንስ በ10ኛው ቀን ገደማ ጨነገፈ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ጨነገፈ አይሆንም» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን ማህፀኑ ውስጥ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን የጂን ብልሽት (ሚውቴሽን) በ1927 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሆና ያሳወቀችው ተመራማሪዋ ናዲን ዶብሮቮልስካያ-ዛቫድስካያ ናት። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰች አይጥ ጅራቷ ያጥራል እንጂ ትኖራለች። ከሁለቱም የወረሰው ሽል ግን የኋላ አካሉ አይፈጠርም። ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚያገናኘው ክፍልም በወጉ አያድግም። ስለዚህ እርግዝናው ግማሽ ላይ ሲደርስ ይሞታል።

አሁን ወደ ቃሉ። «ጨነገፈ» ውስጥ ያለጊዜው መውጣት አለ። ፅንስ የጨነገፈባት ሴት እርግዝናዋ አብቅቷል። «ውርጃ»ም የመጣው ከ«ወረደ» ነው። አይጧ ጋ ግን የሚወርድ ነገር የለም። የሞተውን ሽል የእናቱ ገላ እዚያው ቀስ በቀስ መልሶ ይመጠዋል። ደግሞ ብቻውን አይደለም። ሁለት ጅራተ አጭር አይጦች ሲዳቀሉ እንዲህ የሚሆነው ከአራት ሽሎች አንዱ ገደማ ነው። ሌሎቹ አጠገቡ ማደጋቸውን ቀጥለው በ20ኛው ቀን አካባቢ ይወለዳሉ። እናትየዋ እርጉዝ ናት፤ ትወልዳለችም። ታዲያ ምኑ ጨነገፈ?

እኔ ብሆን «ከሰመ» እላለሁ። ፍም ይከስማል፤ አበባ ይከስማል። ፓርቲ እንኳ ከስሞ ሌላው ውስጥ ገባ ይባላል። ባለበት ሟሙቶ መጥፋትን እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ሞቱ እንዳይደበቅ ደግሞ «ሞቶ ከሰመ» ቢሉት ይበልጥ ይጠራል።

«ፅንስ» የሚለውንም በ«ሽል» ቢለውጡት እመርጣለሁ። ፅንስ ሰፊ ነው፤ መፀነሱንም የተፀነሰውንም ይሸፍናል። ሽል ግን ማህፀን ውስጥ ያለው አካል ራሱ ነው፤ የእርስዎም ጽሑፍ የሚያወራው ስለ እሱ ነው።

ፅንስን በፀሐዩ «ፀ» መጻፍዎ ግን ደስ ብሎኛል። ግእዙ «ፀንሰ» ነውና እንዲያው ይተዉት።