ታንኩ አልሞላ ላላችሁ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ላንድክሩዘር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከድሬም ከሐረርም ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ስለ ሞተር ይበዛል ብዬ ስጠብቅ አብዛኛው ስለ ነዳጅ አሞላል ሆነ። ስለዚህ ዛሬ እሱን ብቻ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከድሬ፣ ሳቢያን)፦ ጋሼ፣ 75 የሚባለው ሞዴል ላንድክሩዘር አለኝ፤ ናፍጣ ነው። ማደያ ስገባ መቅጃው በየሁለት ሊትሩ ቀጭ እያለ ይቆማል። 60 ሊትር ለመቅዳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ክላክሱን ያቀልጠዋል። ታንኩን አስወርጄ ላሳጥበው?

መልስ፦ ቆይ፣ ገና ታንክ አታስወርድ። ባዶ የምንለው ታንክ አየር ሞልቶታል። 60 ሊትር ናፍጣ ሲገባ 60 ሊትር አየር ቦታ መልቀቅ አለበት። ለዚህ ተብሎ ከታንኩ አናት ተነስታ እስከ መሙያው አፍ የምትደርስ ቀጭን የአየር ቱቦ አለች። እሷ ከተዘጋች አየሩ የሚወጣው ናፍጣው በሚገባበት በዋናው ቱቦ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ይጋጫሉ። ናፍጣው አረፋ ይዞ ወደ አፉ ይመለሳል።

መቅጃው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ነዳጅ ሲፈስ በእሷ በኩል አየር ይሳባል። አረፋው ሲሸፍናት መቅጃው ታንኩ የሞላ መስሎት ራሱን ይዘጋል። ቀጭ የሚልብህ ለዚህ ነው። ነዳጅ ቀጂው ላይ አትቆጣ፣ እሱ ምንም አላጠፋም።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ እሺ፣ ቱቦዋን እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሌላ ማደያ ሞክር። ሌላ ቦታ በደንብ ከቀዳ መኪናህ ጤነኛ ነው። እዚያም ከቆመብህ ሞተሩን አጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ አጠገብህ ሲጋራም እሳትም አይኑር። ከዋናው ወፍራም ጎማ ጎን የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ በመሙያው አፍ በኩል ያለውን ማጥበቂያ በካቻቢቴ ፈተህ አውጣት። የታንኩን ክዳን ክፈት። ከዚያ በብስክሌት ፓምፕ ቀስ አድርገህ ንፋበት። አየሩ ያለ ችግር ገብቶ በመሙያው አፍ ሲወጣ ከሰማህ መንገዷ ክፍት ነው። አየሩ አልገባ ብሎ ፓምፑን መልሶ ከገፋብህ ግን ተዘግታለች።

ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕረሰር እንዳታስነፋው አደራ። ያ ግፊት አሮጌ ታንክን ስፌቱ ላይ ሊከፍተው ይችላል። በአፍህም አትሳብ።

ስትፈታት ብዙ ጊዜ የምታገኘው አፈር ነው። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የሚመላለስ መኪና ሆዱ ሥር ምን እንደሚሸከም ታውቃለህ። ቱቦዋ ከቦታዋ ወልቃ ከቆየች ደግሞ ተርብ ጭቃ ጠቅጥቆባት ጎጆ ሠርቶ ታገኛለህ። ሁለቱም በቀጭን ሽቦ ይወጣሉ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ)፦ የእኔ ቱቦዎች ሁሉም ንጹህ ናቸው። አየር ያሳልፋሉ። ግን አሁንም አይቀዳም።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው፤ እኔንም አንድ ወር ሙሉ አድክሞኛል። ሁለት ነገር እይልኝ።

አንደኛው የቱቦዋ አቀማመጥ ነው። ከታንኩ እስከ አፉ ሳታቋርጥ ወደ ላይ መውጣት አለባት። መሀል ላይ ሆዷ ከረገበ ናፍጣ እዚያ ይተኛል። በፓምፕ ብትነፋ ናፍጣውን ገፍተህ ታልፋለህ፣ ስለዚህ ክፍት ትመስልሃለች። ታንኩ ሲሞላ ያለው አየር ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። እኔ ታንክ አስወርጄ ባስገጠምኩ ማግሥት ነበር የጀመረብኝ። የገጠመው ልጅ ረዘም ያለ ቱቦ አስገብቶ ትርፉን አጥፎ አስሮት ነበር። አንድ ስንዝር ቆርጬ ቀጥ ሳደርጋት በዚያው ቀን ታንኩ ሞላ።

ሁለተኛው ዋናው ወፍራም ጎማ ራሱ ነው። የ20 እና የ30 ዓመት ጎማ ከውጭ ደህና ሆኖ ከውስጥ ሽፋኑ ይላጣል። የተላጠው እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ነዳጅ ሲመጣ መንገዱን ይዘጋል። አውልቀህ በባትሪ አብርተህ ካላየኸው አይታወቅም። ስትቀይር የውሃ ጎማ አታስገባ። ናፍጣ ያሳብጠዋል፤ በጥቂት ወር ውስጥ ወደ ነበርክበት ትመለሳለህ። ለነዳጅ የተሠራ መሆኑን ጠይቀህ ግዛ።

ጥያቄ (ከባቢሌ)፦ ለሶማሌ ክልል ጉዞ ብዬ ተጨማሪ ታንክ አሠርቻለሁ። ግማሽ ላይ ሲደርስ አልቀበል ይላል።

መልስ፦ በያጁ የአየር መውጫ የት ነው የተወልህ? መውጫው ከታንኩ ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆን አለበት። ጎኑ ላይ ከተበሳ ነዳጁ እዚያ ከፍታ ሲደርስ ይዘጋዋል፣ ከላይ ያለው አየርም ታስሮ ይቀራል። የአንተ ግማሽ ላይ መቆሙ ይህንን ይመስላል። ማስተካከያው ሌላ ቀዳዳ አናቱ ላይ ማውጣት ነው። ግን እባክህ፣ ነዳጅ የነበረበትን ታንክ ለማንም አታስበይድ። ባዶ ቢሆንም ትነቱ ይፈነዳል። ታንክ ማጽዳት የሚያውቅ ባለሙያ እስክታገኝ በዋናው ታንክ ተጓዝ።

ጥያቄ (ከድሬ፣ ከዚራ)፦ የእኔ ቤንዚን ነው፣ አሮጌ ቪታራ። ቀጭ ካለ በኋላ ጨምሩልኝ እያልኩ እስከ አፉ አስሞላለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፣ ተወው። አንዳንዱ ቤንዚን መኪና የነዳጁን ትነት የሚይዝ የከሰል ዕቃ አለው። እስከ አፍ ከሞላህ ፈሳሽ ቤንዚን ይገባበትና ያበላሸዋል። ከዚያ ታንኩ መተንፈሻ ያጣል፣ መሙላትም ይከብዳል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ሐረር ሞልቼ ድሬ ስወርድ ክዳኑ አካባቢ ናፍጣ ያንጠባጥባል። ከዚሁ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይህ የሙቀት ነገር ነው። ጠዋት በሐረር ብርድ የተቀዳ ናፍጣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ ይሰፋል። 90 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ይጨምራል። እስከ አፉ ካስሞላህ መሄጃ የለውም። ሦስት አራት ሊትር አጉድለህ ቅዳ፣ የክዳኑንም ላስቲክ እየው።

ጥያቄ (ከድሬ፣ መጋላ)፦ ክዳኑን ስከፍት "ፍሽሽ" ይላል፣ ረጅም መንገድ ላይም ሞተሩ አቅም ያጣል።

መልስ፦ ስትከፍተው አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው? እንግዲያው የክዳኑ አየር ማስገቢያ ተደፍኗል። ነዳጁ ሲጎድል በቦታው አየር አይገባም፣ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። አቅም ባጣ ጊዜ ጥግ ይዘህ ክዳኑን ክፈትና ዝጋ። ሞተሩ ወዲያው አቅሙ ከተመለሰ ክዳኑን ቀይር።