ጎህ ሳይቀድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ለምታደቢ፣ ከውስጥ ምን ይለበስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወፍ ፎቶ ለማንሳት ከንጋቱ 11 ሰዓት ትገቢያለሽ። ሁለት ካናቴራ፣ ሹራብና ጃኬት ለብሰሽ፣ ከላይ ጋቢ ደርበሽ፣ ቁጭ ባልሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርስሽ ይንገጫገጫል። «ሜሪኖ የሚሉትን የሱፍ የውስጥ ልብስ ልግዛ ወይስ የስፖርት ፖሊስተር ይበቃኛል?» ነው ያልሽው።

ልብስ አላነሰሽም። እንደውም በዝቶብሻል። ያስቸገረሽ ቆዳሽን የነካው ካናቴራ ነው፣ ጥጥ ስለሆነ።

ራስሽ እንደጻፍሽው መኪናውን አስፋልት ዳር ትተሽ፣ ካሜራና ትሪፖድ ተሸክመሽ፣ ሜዳውን ግማሽ ሰዓት ታቋርጫለሽ። ያን ሁሉ ልብስ ለብሰሽ ስትሄጂ ጀርባሽ ያልባል። ጨለማ ስለሆነና ፊትሽን ብርድ ስለሚገርፈው አይታወቅሽም። ጥጥ ደግሞ ላቡን ይጠጣል እንጂ ቶሎ አይለቅም። ከዚያ ቁጭ ትያለሽ። ስትራመጂ ሰውነትሽ ያመነጭ የነበረው ሙቀት ወደ ሲሶው ይወርዳል። እርጥቡ ካናቴራ ግን እዚያው ጀርባሽ ላይ ነው፤ ለመድረቅ የሚፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ካንቺ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ሹራብ ብትጨምሪ በማግስቱ የበለጠ ታልቢያለሽ።

ይህን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት አዳኞች ናቸው። ባሌና አርሲ ተራራ ላይ የደጋ አጋዘን በፈቃድ የሚያድኑት ከ3,000 ሜትር በላይ በጨለማ ዳገት ይወጣሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ማዶ ያለውን ተዳፋት በባይናኩላር ሲቃኙ ያረፍዳሉ። ማላብና መቀመጥ። የኛም ችግር ይኸው ነው፣ የኛ መሣሪያ ሌንስ ከመሆኑ በቀር። እነሱ መጀመሪያ የሚጨነቁት ለጃኬቱ ሳይሆን ቆዳ ለሚነካው ስስ ልብስ ነው።

አሁን ወደ ሜሪኖ። ሜሪኖ ክሩ በጣም ቀጭን የሆነ የበግ ፀጉር ነው፤ አይኮሰኩስም። የኛ የመንዝ በግ ፀጉርም ሱፍ ነው፣ ባና ብርድ ልብስ ወይም በርኖስ ካባ ሲሆን የሚስተካከለው የለም። ግን ክሩ ወፍራም ስለሆነ ቆዳ ላይ አይቻልም። ሱፍ ከራሱ ክብደት እስከ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ክሩ ውስጥ ይዞ እንኳ ስትነኪው እርጥብ አይመስልም። ርሶም ቢሆን ያሞቃል። ሽታም ቶሎ አይዝም፤ ሳታጥቢው ደጋግመሽ ብትለብሺው አያሳፍርሽም።

ፖሊስተር ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ሌላ ጠባይ አለው። 1 በመቶ እርጥበት እንኳ አይጠጣም፤ ላቡን ወደ ውጭ ይገፋና በፍጥነት ይደርቃል። ይረክሳል፣ ብታሺውም አይጎዳም። ክፋቱ ሽታው ነው። ሁለት ቀን ከለበስሽው ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው መስኮት ይከፍታል። አዳኞች ፖሊስተርን የሚሸሹት እንስሳው እንዳያሸታቸው ነው። የኛ ወፎች በዚህ አያስቸግሩም፤ ከሽታ ይልቅ የናይለን ጃኬት ኮሽታ ነው የሚያባርራቸው።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸውልሽ። በወር አንዴ ሁለቴ ጠዋት ወጥተሽ ለምሳ ቤትሽ የምትመለሺ ከሆነ የስፖርት ፖሊስተር ይበቃሻል፤ ሜሪኖ ላይ ገንዘብ አታፍስሺ። እንደ ባሌ ባለ ቦታ ቀናት የምታድሪ ከሆነ ግን ሜሪኖ ግዢ። ለኛ አካባቢ ስሱ ይሻላል፤ መለያው ላይ የጨርቁ ክብደት በካሬ ሜትር 150 ወይም ቢበዛ 200 ግራም የሚለው። 250ው ለበረዶ አገር ሰው ነው። ሱሉልታ 12 ሰዓት ላይ ሳሩ ውርጭ ለብሶ ታገኚዋለሽ፣ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናትሽን ይበሳል። ወፍራሙን ለብሰሽ ሜዳ መሐል የት ታወልቂዋለሽ?

የት ይገኛል ላልሽው፣ መርካቶ ሰልባጅ ተራ። አውሮፓውያን ለበረዶ ሸርተቴ የሚለብሱት የውስጥ ልብስ ከቦንዳ ውስጥ ይወጣል፤ ሻጮቹ ብዙ ጊዜ «ታይት» ወይም «ተርማል» ነው የሚሉት። ከነሱ አፍ የሚወጣውን «ኦሪጅናል ሱፍ» ግን ተዪው። የውስጥ መለያውን አንብቢ። መለያው ተቆርጦ ከሆነ ከስፌቱ ጫፍ ትንሽ ክር ምዘዢና፣ ከልብሱ ራቅ አድርገሽ በክብሪት ለኩሺው። ሱፍ ከሆነ ቀስ ብሎ እየተኮማተረ ይነዳል፣ እሳቱን ስታርቂው ራሱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱን በጣትሽ ብትጫኚው ይደቃል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል፤ ትኩስ እያለ እንዳትነኪው፣ ጣት ላይ ይለጠፋል። ጥጥ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነዳል። ሻጩ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ ያጥቁር። ድብልቅ ከሆነ የሁለቱንም ጠባይ ስለሚያሳይ ዋጋ ተከራከሪ።

ልኩ ገላ ላይ ይረፍ እንጂ አያጥብቅሽ። የላላ ከሆነ ላቡን ከቆዳሽ አያነሳውም። የጠበቀ ከሆነ ደም ያግዳል፣ ጣትሽ ቀድሞ ይደነዝዛል። አንገቱ ላይ ዚፕ ያለው ካገኘሽ አትለፊው፤ ስትሄጂ ትከፍቺዋለሽ፣ ስትቀመጪ ትዘጊዋለሽ። እግርሽንም አትርሺ፤ ሰው ደረቱ ላይ አራት ልብስ ይደራርብና ጭኑ ላይ አንድ ጂንስ ብቻ ያደርጋል። ጂንስም ጥጥ ነው።

አለባበስሽን ደግሞ ገልብጪው። ከመኪና ስትወርጂ ስሱን የውስጥ ልብስና አንድ ቀጭን ነገር ብቻ ለብሰሽ ተራመጂ። ትንሽ ብርድ ብርድ ካላለሽ በዝቶብሻል ማለት ነው። ሹራቡ፣ ጃኬቱ፣ ጋቢው ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ። ደርሰሽ ትንፋሽሽ ሲሰክን ልበሻቸው። ያኔ ጋቢሽ ወርቅ ነው፤ አራት እጥፍ ደረቅ ጥጥ ከላይ ሲሆን በደንብ ያሞቃል። ጠርዙን ብቻ ጤዛ ሳር ላይ አታስጎትቺው።

አቀማመጥሽን አልነገርሽንም፤ መሬት ላይ በቀጥታ ከሆነ የትኛውም ሜሪኖ አያድንሽም። መሬቱ ሙቀትሽን ከታች ይመጠዋል። የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ። ቦታም ምረጪ። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይለቃል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ከእንጦጦ ጀርባ ተዳፋት ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሜዳው መሐል ካለው ረግረግ ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለው ጠርዝ ሻል ይላል። ክንፈ ሰማያዊዋ ዝይ ውሃ ዳር ነው የምትውለው፤ ለሷ ስትይ ትበርጂያለሽ፣ ምን ይደረጋል። ሌላ አገር የለችም።

«አረቄ ቀመስ አድርጊ፣ ያሞቃል» የሚልሽ አይጠፋም። አረቄ ደምሽን ወደ ቆዳሽ አውጥቶ ሙቀትሽን ያስጨርስሻል፤ ሙቀቱ ለስሜት ብቻ ነው። በሶ በጥብጠሽ ጠጥተሽ ውጪ፣ ሻይ በፔርሙዝ ያዢ።

ሜሪኖውን ከገዛሽ እጥበቱን ራስሽ አድርጊው፣ ወይም ልብስ ለሚያጥብልሽ ሰው በግልጽ ንገሪ። በረኪና ሱፍን ያሟሟዋል፤ ፈጽሞ አይንካው። ፍል ውሃና እሽት ያኮማትረዋል፤ አንቺ የገዛሽው ልጅሽን የሚያክል ሆኖ ይወጣል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳትጠመዝዢ ጨምቀሽ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ገመድ ላይ ከሰቀልሽው በውሃው ክብደት ይለጠጣል። ስታስቀምጪው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ ብል የሚወደው ላብ የነካውን ሱፍ ነው።

ቅዳሜ ሰልባጅ ተራ ከሄድሽ፣ ከመክፈልሽ በፊት የመለያውን ፎቶ እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።