ዊሊ ኔልሰን እና «ሬድ ሄድድ ስትሬንጀር»፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካዊው የካንትሪ ድምፃዊ ዊሊ ኔልሰን በ1975 በኮሎምቢያ ሪከርድስ በኩል ስላወጣው «ሬድ ሄድድ ስትሬንጀር» አልበም የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ጥያቄ፦ ካንትሪ የለመድኩት በኬኒ ሮጀርስና በዶን ዊልያምስ ነው። ይሄኛው ግን ባዶ ባዶ ይልብኛል። ቅንብሩ ሳያልቅ ነው እንዴ ያወጡት?

መልስ፦ አልቋል፣ ወንድሜ። የኩባንያው ሰዎችም መጀመሪያ ሲሰሙት ለሙከራ የተቀዳ ነበር የመሰላቸው። በዚያን ጊዜ የካንትሪ ማዕከል በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ዘፈን የሚወጣው ከድምፃዊው ኋላ ቫዮሊን ተደርድሮ፣ ተቀባይ ታክሎበት ነው። ዊሊም ቀድሞ በአርሲኤ የሙዚቃ ኩባንያ ሳለ በዚህ መንገድ ብዙ ቀድቷል፤ በድምፃዊነቱ ግን ያን ያህል አልቀናውም። እዚህ የምትሰማው የእሱ ጊታር፣ የእህቱ የቦቢ ፒያኖ፣ የሚኪ ራፋኤል ሃርሞኒካ፣ የቢ ስፒርስ ቤዝ፣ የፖል ኢንግሊሽ ድራም፣ ጥቂት ተጨማሪ ጊታር ነው። እነሱም ቢሆኑ አንድ ላይ የሚጫወቱበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ድራሙ ዝም ይላል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ሰምተኸው ከሆነ ደግሞ ቤዙ ጭራሽ ጠፍቶብሃል። ካለችው ትንሽ ነገር ላይ ግማሹ ሲቀነስ ባዶ ቢመስልህ አይገርምም። በጆሮ ማዳመጫ ድገመው።

ጥያቄ፦ ታሪክ አለው ይባላል። እንግሊዝኛው ስለሚያመልጠኝ በአጭሩ ብትነግሩኝ?

መልስ፦ ዘመኑ 1901 ነው። አንድ ሰባኪ ሚስቱ ወደ ቀድሞ ወዳጇ ትሄድበታለች። ሐዘኑ ወደ እብደት ይለወጣል፤ ተከታትሎ መጠጥ ቤት ውስጥ ያገኛቸውና ሁለቱንም ይገድላቸዋል። ከዚያ እሱ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ የሟቿን ፈረስ እየሳበ አገር ለአገር ይዞራል። ቢጫ ጸጉር ያላት ሴት ያችን ፈረስ ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ እሷንም ይገድላታል፤ ፈረስ ልትሰርቅ ነበር ተብሎ በነፃ ይለቀቃል። ይህ ዛሬ ሲሰማ ይጎረብጣል፤ ዜማው እንዲያ ለስላሳ መሆኑ ጉርባጤውን ያባብሰዋል። የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ዴንቨር ከተማ ላይ ይከፈታል። እዚያ ሌላ ሴት ያገኛል፣ ቀስ በቀስም ወደ ሰውነቱ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ «ዴንቨር» ከሚለው ዘፈን ቀጥሎ የሚመጡትን ሁለት ግጥም አልባ ዜማዎች መሙያ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። የዳንስ ቤቱ ትዕይንት እኮ እነሱ ናቸው! አንደኛው የሜክሲኮው ሁቬንቲኖ ሮሳስ የታወቀ ዋልዝ ነው፤ ሁለተኛው በቦቢ ፒያኖ የሚነጉድ የድሮ የጭፈራ ዜማ ነው። ሰውየውና ሴቲቱ የሚተዋወቁት እዚያ ውስጥ ነው። እነዚያን ከዘለልሽ ቀጣዩ የፍቅር ዘፈን ከየት እንደመጣ አይገባሽም፣ እህቴ።

ጥያቄ፦ በስልኬ ስከፍተው አንዱ ዜማ አሥር ጊዜ የሚደጋገም ይመስለኛል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የሰባኪው ዜማ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እየተመላለሰ ትዕይንቶቹን ያያይዛል፤ የርዕሱ ዘፈንም ተቆራርጦ ነው የገባው። ሻፍል (ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀው) በርቶ ከሆነ ግን ሰባኪው ሚስቱን ሳያጣ በፊት ይገድላታል። ሻፍሉን አጥፋ፣ የአንዱን ዘፈን መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር የሚያደራርበውንም አጥፋ። ጠቅላላው 33 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ዘፈኖቹ በሙሉ የራሱ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። የርዕሱ ዘፈን የኢዲት ሊንደማንና የካርል ስተትስ ነው። ዊሊ በ1950ዎቹ ፎርት ወርዝ ውስጥ የሬዲዮ አቅራቢ ሳለ ያጫውተው ነበር፤ ልጆቹንም እየዘፈነ ያስተኛበት ነበር። ዝናውን ያመጣለት «ብሉ አይስ ክራይንግ ኢን ዘ ሬይን» የፍሬድ ሮዝ ድርሰት ሲሆን ከእሱ በፊት ሮይ አከፍ ዘፍኖታል። የሃንክ ኮክረንና የኤዲ አርኖልድ ሥራዎችም አሉበት። የዊሊ ብልሃት እነዚህን የሰው ዘፈኖች ሰብስቦ የአንድ ሰው ታሪክ ማድረጉ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በ4,000 ዶላር ተሠራ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የሚጠቀሰው ሒሳብ በዚያ ዙሪያ ነው። የተቀዳው በጥር 1975 ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ በሚገኘው ኦተም ሳውንድ ስቱዲዮ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ፊል ዮርክ ነበር። ለርካሽነቱ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ለብቻ የሚከፈላቸው የስቱዲዮ ተጫዋቾች የሉም፤ አብረውት መድረክ ላይ የሚዞሩት ልጆች ናቸው፣ ሥራውም በጥቂት ቀን አልቋል። ኩባንያው ቢያጉረመርምም ውሉ በሥራው ላይ ሙሉ ሥልጣን ለዊሊ ስለሚሰጥ እንዳለ ማውጣት ግድ ሆነበት። ድምፃዊው ዌይሎን ጄኒንግስም ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ተሟግቶለታል።

ጥያቄ፦ «ብሉ አይስ»ን በጊታር መጫወት እፈልጋለሁ። ለጀማሪ ይከብዳል?

መልስ፦ ኮርዱ ሦስት ብቻ ነው፤ ኢ፣ ኤ እና ቢ ሰቨን። የመጀመሪያው ስንኝ ሙሉውን በኢ ነው፤ ሁለተኛው በቢ ሰቨን ይጀምርና መጨረሻው ላይ ወደ ኢ ይመለሳል። ሦስተኛውና አራተኛው ያንኑ ይደግማሉ። አምስተኛው ስንኝ ላይ ወደ ኤ ትወጣለህ፤ ስድስተኛው በኢ ገብቶ በቢ ሰቨን ላይ ይንጠለጠላል፤ ቀሪዎቹ ሁለቱ እንደ መጀመሪያው ናቸው። ቢ ሰቨን ጣት ካሰረብህ ካፖውን (ክሮቹን የሚጫነውን መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት (የአንገቱ መስመር) ላይ እሰርና በዲ፣ ጂ እና ኤ ሰቨን ተጫወተው፤ ቃናው ያው ይሆናል።

ለቀኝ እጅህ፦ ምቱ አራት ነው። በአንድ ላይ ወፍራሙን ክር ብቻ፣ በሁለት ላይ ቀጫጭኖቹን ወደ ታች፣ በሦስት ላይ ሌላ ወፍራም ክር፣ በአራት ላይ እንደገና ቀጫጭኖቹን። ለኢ ስድስተኛውና አምስተኛው ክር፣ ለኤ እና ለቢ ሰቨን አምስተኛውና አራተኛው ይሠራሉ።

ሰው የሚበላሽበት ቦታ ኮርዱ አይደለም። ዊሊ ቃሉን አንዴ ከምቱ አስቀድሞ አንዴ አዘግይቶ ነው የሚጥለው፤ አጃቢው ግን አይንቀሳቀስም። ጀማሪ እጁን ከድምፁ ጋር ያስኬድና ምቱ ይፈርስበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳትዘፍን እጅህ ብቻውን እስኪሄድ በሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ተለማመድ፤ ቀጥሎ ግጥሙን ልክ ምቱ ላይ እያሳረፍክ ዝፈን፤ ማዘግየቱን የመጨረሻ አድርገው።

ጥያቄ፦ የዊሊን የጊታር ድምፅ ለማምጣት የብረት ክር ልግጠም?

መልስ፦ ጊታርህ የናይለን ከሆነ በፍጹም! የብረት ክር ውጥረቱ የናይለኑን እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ክሮቹ የሚታሰሩበትን ድልድይ ይነቅልብሃል ወይም ፊቱን ያጎብጠዋል። የዊሊ ጊታር «ትሪገር» ራሱ ባለ ናይለን ክር ማርቲን ኤን 20 ነው። ያ ድምፅ የሚመጣው በጣት እንዲመታ የተሠራን ጊታር በፒክ (በትንሽ መምቻ) ስለሚመታው፣ ከሌላ የባልድዊን ጊታር የተነቀለ ፒክአፕም (ድምፁን ወደ ማጉያ የሚያስተላልፍ) ስለተገጠመለት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ተጨማሪ ቀዳዳም በፒክ ከመመታቱ የመጣ ነው፤ ክላሲካል (ባለ ናይለን ክር) ጊታር ከፒክ የሚከላከል ሽፋን የለውም። አንተም በፒክ ልትመታ ካሰብክ ቀጭን ግልጽ ሽፋን ለጥፍበት።

ጥያቄ፦ ሸክላውን ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ የመጀመሪያው የአሜሪካ ኅትመት ቁጥሩ ኬሲ 33482 ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጭረቱን ተመልከት። ሙዚቃው ጸጥ ያለ ስለሆነ ሌላ ሸክላ ላይ የማይሰማ ጭረት እዚህ እንደ እሳት ይንጣጣል፤ ዋጋው ወደደም ረከሰም ሳታስሰማ አትግዛ። የ2000ው ሲዲ መጨረሻው ላይ አራት ተጨማሪ ዘፈኖች አሉት፤ ከታሪኩ ጋር አይገናኙም፤ የአልበሙ መዝጊያ «ባንዴራ» ላይ አቁመው።

ጥያቄ፦ ከዚህ ቀጥሎ የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወደ ኋላ ሂድ። በ1974 የወጣው «ፌዝስ ኤንድ ስቴጅስ» ስለ አንድ ፍቺ ነው፤ አንዱ ገጽ በሴቲቱ፣ ሌላው በወንዱ አንደበት። በዜማ ድግግሞሽ ታሪክ ማያያዙን እዚያ ጀምሮት ነበር። ወፍራም ቅንብር ከናፈቀህ ግን በ1978 ቡከር ቲ. ጆንስ ያቀናበረለትን «ስታርደስት» ክፈት፤ ካንትሪ ለማይወድ ሰው የምታሰማውም እሱን ነው።